ደረስንና እሜቴ

የእህቴ ባል ባለጋሪ ነው። ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል እስከ ገበያ ሰው ያመላልሳል። ስሙን የምናውቀው የቤት ሰዎች ብቻ ነን፤ ለቀረው ሰው «ደረስን» ነው። መናኸሪያው በር ላይ ሰው ጭኖ ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳይጨርስ ወደ ኋላ ዞሮ «ደረስን!» ይላል። ዳቦ ቤቱ ጋ «ደረስን»። ድልድዩ ላይ «ይኸው ደረስን»። ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ሱሪውን ሰብስቦ እየገፋ፣ እሱ ከፊት ልጓም ይዞ «በቃ ደረስን እኮ!» ይላል። የሚገርመው፣ የእውነት ሲደርስ ምንም አይልም። ጋሪውን ያቆምና ዝም ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ መድረሱን የሚያውቀው ተሳፋሪው ራሱ ነው።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ለምንድነው ሰው የምትዋሸው?» አልኩት።

«ውሸት አይደለም፣ ስንቅ ነው» አለኝ። «ሩቅ ነው ካልሽው ሰው ተቀምጦም ይደክመዋል። ደረስን ስትይው ነፍሱ መለስ ትላለች።»

«ስትደርስስ ለምን አትነግራቸውም?»

«ሲደርሱማ ዓይን አላቸው አይደል እንዴ?»

በራችን ላይ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ጋሼን ከጠዋት እስከ ማታ ሲያሾፍበት ይውላል፤ የጎሚስታው ሚስት ግን ትቆጣዋለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ላይ ሆና ሆስፒታል የወሰዳት ጋሼ ነበር። መንገዱን ሙሉ «ደረስን እህቴ፣ ደረስን» እያለ። «እሱ ሩቅ ነው ቢለኝ ኖሮ እዚያው ድልድዩ ላይ ነበር የምወልደው» ትላለች። ጎሚስታውም ይህን ሲሰማ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ጎማው ይመለሳል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እህቴን እትዬ ነው የምላት። ግቢው አንድ ነው፤ ክፍሌ ከፈረሷ ጋጣ ፊት ለፊት ናት፣ የስፌት ማሽኔም መስኮቱ ሥር ነው። ዓይኔ መርፌው ላይ፣ ጆሮዬ ጋጣው ውስጥ ይውላል። ያየ የሰማ ማነው ካላችሁ እኔው ነኝ።

ፈረሷ «እሜቴ» ትባላለች። ዳማ ባዝራ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አላት። ጋሼ እሜቴን አንቺ ብሏት አያውቅም። «እሜቴ፣ ውሃ ይጠጣሉ?» «እሜቴ፣ እግርዎን ያንሱልኝ።» እትዬን ግን «ነይ እስቲ አንቺ!» ነው። እትዬ የሆስፒታሉን አንሶላ እያጠበች ቤቱን ከሱ እኩል የምትደጉም ሴት ናት፤ ነገሩ ሆዷን ሳይበላት አይቀርም።

«እኔን አንቺ፣ ፈረሷን እርስዎ። እኔ ነኝ ወይስ እሷ ናት ያገባችህ?» ትለዋለች።

«የሚያበላንን ሰው አንቺ አይባልም።»

«እኔስ አንተን ምን እያደረግኩህ ነው? እያስራብኩህ?»

«አንቺማ ቤተሰብ ነሽ» ይልና ባልዲውን ይዞ ይወጣል።

እሜቴ ስታረግዝ ጋሼ የጋሪው ወንበር ላይ ቁመቱ የጨመረ መሰለን። አባትየው የጡብ ፋብሪካው ጥቁር ድንጉላ ነው፤ ጋሼ ይህን ያልነገረው ተሳፋሪ የለም። ግን ደስታው ውስጥ ፍርሃት ነበረበት። እሜቴ ከዚህ በፊት የወለደችው ሞቶ ነው የወጣው፤ እሷም ከተኛችበት እስክትነሳ ስንቱን አየን። አሁን ደግሞ ዕድሜዋ ገፍቷል። የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ ሆዷን ከዳሰሰች በኋላ ጋሼን ወደ ጎን ወሰደችው። ወጣት ናት፤ በሞተር ሳይክል እየዞረች ነው የምታክመው።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ» አለችው። «ጡቷ ጫፍ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ሲወጣ፣ ጭራዋ ሥር ግራና ቀኙ ሲላላ፣ መብል ስትተው፣ መሬት ስትጭር፣ ጎኗን ዞራ ዞራ ስታይ፣ ስትተኛ ስትነሳ፣ ጆሮዋ ሥር ሲያልባት፣ ያኔ ይጥሩኝ። ዋናው ግን ውሃው ነው። የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ የፈረስ ምጥ እንደ ሰው ምጥ ቆሞ አይጠብቅም። ካልፈጠንን ሁለቱንም እናጣለን።»

«ሁለቱንም» የምትለው ቃል ጋሼ ላይ ተሰክታ ቀረች። ማታ ራት ላይ ጉርሻውን ይዞ እንደቆመ «ሁለቱንም አለች እኮ» ሲል ሰምቼዋለሁ። እሜቴ ከሞተች የሚቆመው ጋሪው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጋሼም ይቆማል። እትዬ ይህን ስለምታውቅ ያን ሰሞን የ«እርስዎ»ውን ክርክር ትታለት ነበር።

የእርግዝናው መጨረሻ ሲቃረብ ጋሼ እሜቴን ከጋሪ አሳረፋት፤ ራሱም አብሮ አረፈ። በርጩማውን ጋጣው በር ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። እሜቴ ጭራዋን ባወዛወዘች ቁጥር «ደረሰች!» እግሯን ባነሳች ቁጥር «ደረሰች!» ዝንብ ከአፍንጫዋ ላይ ለማባረር ራሷን ብትነቀንቅ እንኳ «ኧረ ደረሰች፣ ውሃ አፍሉ!» እትዬ የፈላውን ውሃ እንዳይባክን አንሶላ ታጥብበታለች። የሆስፒታሉ አንሶላ እንደዚያ ሰሞን ነጥቶ አያውቅም።

ሐኪሟ መጀመሪያ የተጠራችው እሜቴ የእውነት የተቁነጠነጠች ቀን ነው። መብል ትታለች፣ መሬት ትጭራለች፣ ትዞራለች። ጋሼ ምልክቶቹን በጣቱ እየቆጠረ «ይኸው፣ ይኸው» ይላል። ሐኪሟ ሞተሯን እያስጮኸች ደረሰች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ እሜቴን ከፊት ከኋላ አየቻት። ከዚያ ወደ ግርግሙ ሄዳ እጇን ድርቆሹ ውስጥ ሰደደችና አንዲት ቀይ ዶሮ አወጣች። ዶሮዋ እዚያ ቤት ሠርታ፣ እሜቴ ልትበላ ራሷን ዝቅ ባደረገች ቁጥር አፍንጫዋን ስትነቁራት ኖራለች ለካ። ሥሯ ትኩስ እንቁላል ተገኘ።

«አልተሳሳቱም ጋሼ» አለች ሐኪሟ እንቁላሉን መዳፉ ላይ እያስቀመጠችለት። «ደርሳ ነበር። ዶሮዋ።»

ሁለተኛው ደግሞ ከዳቦ ቤቱ በመጣ ደረቅ ዳቦ የተነሳ ነው። ጋሼ «ለምጥ ጉልበት ይሆናታል» ብሎ ማንም ሳያየው ጆንያውን ሙሉ አበላት። እሜቴ ተኛች፣ ተነሳች፣ ጎኗን አየች፣ ከንፈሯን ወደ ላይ ገለጠች። ሐኪሟ ጆሮዋን ሆዷ ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ እሜቴ ረጅምና ያለሃፍረት የሆነ ነገር ለቀቀች። ማሽኔ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

«በሰላም ተገላግላለች» አለች ሐኪሟ። «የተወለደው ነፋስ ነው።»

ጎሚስታው በሩ ላይ ሆኖ ይህን ከሰማ በኋላ ሰላምታው ተለወጠ። «እንደምን አደርክ፣ የነፋስ አያት!» ሆነ። ሐኪሟም ጓንቷን እያወለቀች፣ ግማሹን በሳቅ ግማሹን በምር፣ «ጋሼ፣ እኔ ስንት ከብት አለብኝ። ከእንግዲህ "ደረሰች" ብለው ቢጠሩኝ አልመጣም» አለችው። ጋሼ ሳቀ። እትዬ ግን አልሳቀችም። ሐኪሟ ስትወጣ ወደ እኔ ዞራ «የምሯ ቀን ብትቀርስ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ጋሼ ራሱ ሰው መሆኑን ረሳ። መብል ተወ። ጋደም ይላል፣ ይነሳል። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። ሲቆም በጫማው ጫፍ አፈር ይጭራል። አንድ ቀን እትዬ አንሶላ እያሰጣች ቆም ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ነይ እስቲ እዪልኝ» አለችኝ። «እህል አይበላም። ይተኛል፣ ይነሳል። መሬት ይጭራል። ጆሮው ሥር አልቦታል። ሐኪሟ የነገረችን ምልክት ሁሉ አለ። ምጥ የያዘው እሱን ነው!»

«ጡቱን ግን አላየንም» አልኳት።

ሁለታችንም አንሶላው ውስጥ ተሸሽገን እስኪያመን ሳቅን።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ጋጣው ውስጥ ገለባው ላይ በጎኑ ተጋድሞ አገኘሁት። እሜቴ ከላይ ቁልቁል ታየዋለች። «እንዲህ ነው እሜቴ፣ እንዲህ በጎንዎ ይተኙና እግርዎን ዘርጋ ያደርጋሉ» ይላታል። እሜቴ አፍንጫዋን አንኮራፋችበት። እትዬ ከኋላዬ መጥታ ኖሮ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!» ብላ ገለባውን ከራሱ ላይ አራገፈችለት።

ቀኑ ሲገፋ ደግሞ ሌላ ወሬ ተነሳ። ይወለዳል የተባለበት ጊዜ አለፈ፣ እሜቴ ግን ምንም። ጎሚስታው ጎማ እየነፋ «የበቅሎ እርግዝና ይረዝማል ሲባል ሰምቻለሁ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። ከግቢያችን ጀርባ የውሃ አመላላሹ አህያ እንደሚታሰር መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

«ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» አለ ጋሼ።

«እኔ ምን አልኩ? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች፣ ነው ያልኩት።»

ጋሼ ጋጣው ድረስ ሄዶ «እሜቴ፣ አይስሟቸው» ብሏት ተመለሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እትዬ አንሶላ ታሰጣለች፣ እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እጅጌ እገጥማለሁ፣ ጎሚስታው በራችን ላይ የነፋስ ማሽኑን ያስጮሃል። ሁሉም እንደ ወትሮው ነው። ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ማሽኔን ማቆም ነበረብኝ። ጋጣው ዝም ብሏል። «ደረሰች» የሚል ሰው የለም።

በመስኮት «ጋሼ፣ ደህና ናችሁ?» አልኩ።

«ደህና ነን። ገና ነው» አለ ጋሼ። ፊቱን አላዞረም።

ገና ነው? ይህን ቃል ከጋሼ አፍ ሰምቼ አላውቅም። መቀሱን ጥዬ ወጣሁ። ጋጣው በር ላይ ስደርስ እሜቴ በጎኗ ተኝታለች፤ አንገቷ በላብ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ፈጧል፣ እየደጋገመች ሆዷን ታያለች። እንደ ዶሮዋ ቀን መቁነጥነጥ የለ፣ እንደ ዳቦው ቀን ከንፈር መግለጥ የለ። ጋሼ አጠገቧ ተንበርክኮ አንገቷን ያሻል። ጸጉሯን የሚያበጥርበትን ብሩሽ በያዘበት እጁ ነው የሚያሻት፣ ግን በብሩሹ ጀርባ፤ አላወቀውም።

«አይዞሽ» ይላታል። «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ።»

አንቺ አላት። ዝቅ ብዬ ሳይ ከሥሯ ያለው ገለባ ሁሉ ርሷል።

«ጋሼ፣ ውሃዋ ፈሷል እኮ!»

«ገና ነው አልኩሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ቀና ብሎ ካየኝ እውነት እንዳይሆንበት የፈራ ይመስላል።

ወደ ክፍሌ ሮጬ ስልኬን ከጨርቁ ሥር ፈልጌ ደወልኩ። ሐኪሟ ድምፄን እንደሰማች በረጅሙ ተነፈሰች።

«ደረሰች ልትይኝ ነው አይደል?»

«ዶክተር፣ በእናትሽ…»

«ደረሰች አለ?»

«አላለም። ገና ነው ነው የሚለው።»

ከኋላዋ ላም ስትጮህ ይሰማኛል።

«ምን አለ አልሽኝ?»

«ገና ነው አለ። ደግሞ አንቺ ነው የሚላት።»

«መጣሁ» አለች፤ ስልኩ ሳይዘጋ የሞተሯን መነሳት ሰማሁ።

ጎሚስታው ከበሩ ላይ ሰምቶኝ ኖሯል። «ገና ነው አለ? እሱ?» አለና የነፋስ ማሽኑን አጠፋ። ቀልድ ቢጤ ይወረውራል ብዬ ስጠብቅ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና እየታጠበ ገባ። እትዬም ባልዲውን ጥላ መጣች። ጋሼ ጎን ተቀምጣ ብሩሹን ከእጁ ወስዳ አገላበጠችና መለሰችለት።

ሐኪሟ ስትደርስ ሰላም እንኳ አላለችንም። እጇን ታጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ ወደ ውስጥ ሰደደችው። «አንድ እግሩ ወደ ኋላ ታጥፏል» አለች። «መግፋቷን ትንሽ ታቁምልኝና ላቃናው። ጎሚስታው ጭራዋን ይያዝልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ራሷ ጋ ይሁኑ። ያናግሯት፣ ድምፅዎን ትለየዋለች።»

ጋሼ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። እንደ ዓሣ ከፍቶ ይዘጋል።

«በላት እንጂ!» አለች እትዬ።

«ምን ልበላት?»

«ያንን ውሸትህን!»

ጋሼ ወደ እሜቴ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ደ…» አለና ቀረ። «አልችልም» አለ። «ለሷ አልችልም።» ስንቱን ሰው በጭቃ፣ በዝናብ፣ በምጥ «ደረስን» እያለ ያደረሰ ሰው እዚያ ገለባ ላይ ቃሉን አጣ። እንደዚያን ሰዓት አንጀቴን በልቶኝ አያውቅም። እትዬ በአንድ እጇ የሱን፣ በሌላው የእሜቴን አንገት ይዛ ቀረች።

ሐኪሟ ግንባሯ በላብ ተጥለቅልቆ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ጨፍና በእጇ ብቻ እያየች ትሠራለች። ቆይታ «መጣ» አለች። «አሁን ትግፋ!» እሜቴ ከሆዷ ሥር የመጣ ድምፅ አሰማች፤ ሁለት ትንንሽ ኮቴዎች ታዩ፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ ጎሚስታውና ሐኪሟ አብረው ሲስቡ ነገሩ ሁሉ ባንዴ ዘፍ ብሎ ገለባው ላይ ወደቀ።

አይንቀሳቀስም። ሐኪሟ አፍንጫውን ጠረገች፣ ጎኑን በገለባ ፈተገችው። እትዬ ሮጣ ከገመዱ ላይ አንሶላ መነጨቀች፤ የሆስፒታሉ ማኅተም ያለበትን፣ ገና አሁን ያጠበችውን። በሱ ጠቅልላ ታሸው ጀመር። ጋሼ አላየም። ፊቱን የእሜቴ አንገት ውስጥ ቀብሮ ነበር።

ውርንጭላው አስነጠሰ። ጎሚስታው ፊት ላይ ነው ያስነጠሰው።

ማንም ምንም ከማለቱ በፊት ጎሚስታው ፊቱን በክንዱ ጠርጎ አንሶላውን ገለጥ አደረገና ጆሮውን ጎበኘ። «አጭር ነው» አለ፣ ቅር እንዳለው ሰው። «ፈረስ ነው።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ፤ አቧራ ገባብኝ ነው የሚለው እስከ ዛሬ።

እሜቴ ቆይታ በራሷ ተነሳች። ተነፈስን። ልጇን ትልሰው ጀመር። ሐኪሟ እንግዴ ልጁ በሙሉ እስኪወጣ ጠበቀች፤ ከዚያም ባልዲ ላይ ተቀምጣ እትዬ ያመጣችላትን ሻይ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። «አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች። ጋሼ ግን አሁንም ዝም ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አንዴ እናቲቱን፣ አንዴ ልጁን ያያል። እትዬ በዓይኗ ትከተለዋለች። «ይኼ ሰው ልሳኑ ተዘጋ እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ፤ አልቀለደችም።

ውርንጭላው ሊቆም ይታገል ገባ። እግሩ የሱ አይመስልም፤ ፊተኛው ወደዚህ፣ ኋለኛው ወደዚያ። ተነሳ፣ ወደቀ። ተነሳ፣ ወደቀ። በመጨረሻ አራቱንም ዘርግቶ ቆመና ጡት ፍለጋ ሄደ፣ ግን ከእናቱ ጡት ተቃራኒ። ግድግዳውን በአፉ ይፈልግ ጀመር። ግድግዳው ወተት ሲነፍገው ዞሮ መጣና የጋሼን ሱሪ ጉልበቱ ላይ ጎረሰ።

የእናቱ ጡት ያለው ግን ጋጣው ወዲያ ማዶ ነው።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ አየው። እጁን አንገቱ ላይ አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደረስን» አለው። «በርታ፣ ይኸው ደረስን እኮ።» ከዚያም ወደ እሜቴ ቀና ብሎ «እሜቴ፣ ውሃ ላምጣልዎት?»

እትዬ የቆሸሸውን አንሶላ ደረቷ ላይ አቅፋ ገለባው ላይ ዘፍ አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፣ አፏ ይስቃል።

«ተመስገን» አለችኝ። «መዋሸት ጀመረ።»